አሮጌ ሳንቲም ምን ያስተምረናል?



ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ»፣ ሃያ አምስት ሳንቲም «ስሙኒ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። ወንጌል ሲነበብ ደግሞ ዲናር፣ ድሪም፣ መክሊት የሚሉ ስሞች ይመጣሉ። ቃላቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ነገር ግን ቤሳ የብር ስንተኛ እጅ ነበር? ሽልንግ ከየት መጣ? አንድ መክሊትስ ምን ያህል ገንዘብ ነው? ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልሱን አናገኘውም። ቃሉ በአፋችን ቀርቶ ነገሩ ከእጃችን ወጥቷል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የጀመርነውን የልዩ ልዩ አገር ሳንቲሞች ስብስብ ምክንያት በማድረግ፣ ስለ ቆዩ የገንዘብ ስሞችና ስለ አቈጣጠራቸው ያጠናነውን ባጭሩ ለማካፈል ነው። እግረ መንገዳችንንም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስላለው ጠገራ ብርና ከአክሱም መሬት ስለሚወጣው ጥንታዊ ሳንቲም አንድ አስቸኳይ ነገር እንናገራለን።

፩. ስብስቡ እንዴት ተጀመረ?

የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ በሚቈጠርበት ጊዜ ከብሩና ከሳንቲሙ መካከል አንዳንድ የውጭ አገር ሳንቲም ይገኛል። ከዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶች ድርሃም፣ ፊልስ፣ ሪያልና ሃላላ ይጥላሉ። ከኬንያ የመጣ መንገደኛ ሽልንግ፣ ለዘመድ ጥየቃ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ደግሞ ዩሮና ሴንት ያስገባሉ። ባንክ ቤት የውጭውን የወረቀት ገንዘብ ቢመነዝርም ሳንቲሙን አይቀበልም። ስለዚህ ሳንቲሙ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅሞ ያለ ጥቅም ተቀምጦ ነበር።

እኛም ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደን፣ ሳንቲሙ በዕለቱ ምንዛሪ የሚያወጣውን ብር ከየኪሳችን አዋጥተን ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ካደረግን በኋላ በቃለ ጉባኤ ተረከብነው። ስብስቡ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ የማንም የግል አይደለም። ከዚያ በኋላ አባሎቻችን በቤታቸው የተገኘውን አሮጌ ሳንቲም እየጨመሩበት አድጓል።

ሳንቲሞቹን በየአገራቸው ስንለይ የመጀመሪያው ችግር ዓመታቸውን ማንበብ ነበር። የሳዑዲ ዐረቢያ ሳንቲም በሂጅራ ዓመት ይቈጠራል። የእስራኤል ሳንቲም የአይሁድን ዓመት በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፋል። የጃፓን ሳንቲም ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበትን ዘመን ይቈጥራል። የታይላንድ ሳንቲም ደግሞ ከአውሮፓ አቈጣጠር በ543 ዓመት የሚቀድመውን የቡድሂስቶች ዘመን ይዟል። በኛው ሳንቲም ላይ ፲፱፻፷፱ የሚለውን የግእዝ ቍጥር ያየ የውጭ አገር ሰብሳቢም እንዲሁ ሳይቸገር አይቀርም። ከዚህ የተማርነው፣ ዘመንን የሚቈጥረው አንድ ሕዝብ ብቻ አለመሆኑን ነው።

፪. ገንዘብ በመጀመሪያ ሚዛን ነበር

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን እርሻ ከኤፍሮን ሲገዛ 400 ሰቅል ብር እንደ መዘነለት ተጽፏል። ቈጠረለት አይልም፣ መዘነለት ይላል። በዚያ ዘመን የተቀረጸ ሳንቲም ገና አልነበረም፤ ሰቅል የሚዛን ስም ነበርና። በታወቀው ታሪክ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር በነበረችው በልድያ ነው። ወርቅና ብር በተፈጥሮ ከተቀላቀለበት ማዕድን ይሠሩ ነበር።

ሳንቲም ማለት እንግዲህ ክብደቱና ጥራቱ በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጠ ብረት ነው። ነጋዴው ሚዛን ይዞ እንዳይዞር ማኅተሙ ይመሰክርለታል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ የገንዘብ ስሞች የሚዛን ስሞች ሆነው የምናገኛቸው። የእንግሊዙ ፓውንድ የክብደት መለኪያ ነው። የጣሊያኑ ሊራ «ሊብራ» ከሚለው የሮማውያን የሚዛን ስም የመጣ ነው። የስፓኝ ቋንቋ ተናጋሪዎች «ፔሶ» የሚሉት ቃል ራሱ ክብደት ማለት ነው።

ሌሎች ስሞች ከማዕድኑ ተወስደዋል። የኛ «ብር» የብረቱም የገንዘቡም ስም ነው። የፈረንሳዮቹ «አርዣን»ም እንደዚሁ ብርንም ገንዘብንም ይጠራል። የሕንዱ «ሩፒ» የተሠራ ብር ከሚል የሳንስክሪት ቃል ወጥቷል። በየአገሩ ያለ ሰው ሳይመካከር አንድ ዓይነት ስም ማውጣቱ የሚገርም ነው።

፫. ፓውንድ፣ ሽልንግና ፔኒ

በስብስባችን ውስጥ ብዙ ያከራከረን የእንግሊዝ አሮጌ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 15 ቀን 1971 ድረስ በእንግሊዝ አገር አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔኒ ነበር። ስለዚህ በፓውንዱ ውስጥ 240 ፔኒ አለ። ከፔኒ በታች ግማሽ ፔኒና «ፋርዚንግ» የሚባለው ሩብ ፔኒ ነበሩ። ከሽልንግ በላይ ሁለት ሽልንግ የሆነው «ፍሎሪን»፣ አምስት ሽልንግ የሆነው «ክራውን» ነበሩ። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ስም የተሰየመው «ጊኒ» የሚባለው ወርቅ እ.ኤ.አ. ከ1717 ጀምሮ 21 ሽልንግ ተብሎ ተወስኗል።

በመጀመሪያ ይህን ስናይ አንዳንዶቻችን «እንዲህ ያለ ውስብስብ ነገር ማን ፈለሰፈው?» ብለን ነበር። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ስንሠራው ግን ምክንያቱ ተገለጠልን። ፓውንዱን ለሦስት ሰው እናካፍል ብንል ለያንዳንዱ 80 ፔኒ፣ ማለት 6 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ይደርሰዋል፤ ምንም አይተርፍም። አንድ መቶ ሳንቲም ያለውን ብር ለሦስት ብናካፍል ግን 33 ሳንቲም ደርሶ አንድ ይተርፋል። 240 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ10 እና ለ12 እኩል ይከፈላል። ድሆች ትንሽ ነገር ተካፍለው በሚኖሩበት ዘመን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ በመደመር ላይ ይመጣል። 3 ሽልንግ ከ9 ፔኒ እና 4 ሽልንግ ከ7 ፔኒ ሲደመር 16ቱ ፔኒ ወደ ሽልንግ ተለውጦ 8 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይሆናል። በአንድ ጊዜ በ12ም በ20ም ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህ አቈጣጠር የመጣው ከሮማውያንና ከፍራንኮች ነው። ካርል ታላቁ በነገሠበት በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአንድ ሊብራ ብር 240 ዲናር ይሠራ ነበር። እንግሊዞች ፔኒን ለማመልከት ዲ የሚለውን የላቲን ፊደል ይጽፉ የነበረው ስለዚህ ነው፤ ዲናር ለማለት ነው። ሽልንግ ደግሞ በጽሕፈት የተተካው በሶሊዱስ ነው። ሶሊዱስ ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያወጣው የወርቅ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ሽልንግ ወደኛ እንዴት ደረሰ? እንግሊዞች በሚገዟቸው በኬንያ፣ በዑጋንዳና በታንጋኒካ እ.ኤ.አ. በ1921 የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ አወጡ። በአንድ ገጹ አንበሳ በተራራ ፊት ቆሞ ይታያል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ሲባረር ይህ ገንዘብ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋራ ገብቶ በገበያ ይሠራበት ጀመር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። እንግዲህ አንድ ሽልንግ ስንት ነው? ሃምሳ ሳንቲም! የዛሬ ልጅ «ሽልንግ» ሲል ሳያውቀው የዚያን ዓመት ምንዛሪ እየተናገረ ነው። የምንዛሪው አዋጅ ተረስቶ በሰፈር ቋንቋ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ቆይቷል።

፬. ግማሽን እየገመሱ መቍጠር

ሌላው ጥንታዊ አቈጣጠር ግማሽን እየገመሱ መውረድ ነው። የስፓኝ ፔሶ 8 «ሪያል» ነበር። ይህ ሪያል «የንጉሥ» ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በየመንና በዑማን ያለው ሪያል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የሕንድ ሩፒ እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ድረስ 16 «አና»፣ 64 «ፓይስ»፣ 192 «ፓይ» ነበር። ስምንትም ሆነ አሥራ ስድስት የግማሽ ግማሽ እየተባለ የሚደረስበት ቍጥር ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰውም ቢሆን አንድን ነገር ለሁለት መክፈል ያውቃል።

የኛም የቀድሞ ገንዘብ እንዲሁ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አስቀርጸው አወጡ። የብሩ ግማሽ «አላድ»፣ የአላዱ ግማሽ «ሩብ»፣ የሩቡ ግማሽ «ተሙን» ይባል ነበር። ተሙን በዐረብኛ ስምንተኛ እጅ ማለት ነው። «ግርሽ» መጀመሪያ የብር ሃያኛ እጅ ሆኖ ወጣ፤ በኋላ ግን አሥራ ስድስተኛ እጅ ሆነ። «ቤሳ» ደግሞ የግርሽ ግማሽ፣ ማለት የብር ሠላሳ ሁለተኛ እጅ ሆነ። ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽ፣ ቤሳ፤ ሁሉም የበላዩ ግማሽ ነው። ቤሳ የሌለው ሰው የመጨረሻዋ ግማሽ እንኳ የለችውም ማለት ነው።

ስሞቹም መንገደኞች ናቸው። ቤሳ የሕንዱ «ፓይሳ» ዘመድ ነው፤ ዑማን እስከ ዛሬ ሪያሏን በ1000 «ባይሳ» ትከፍላለች። ግርሽ ከቱርኮችና ከግብፆች «ቅርሽ» የመጣ ነው። ያም ከጀርመኖች «ግሮሽን» ጋራ አንድ ሥር አለው፤ ወፍራም ማለት ነው። «ሳንቲም» ደግሞ የፈረንሳይኛ ቃል ሆኖ መቶኛ እጅ ማለት ነው። በ1923 ዓ.ም. ብር በ100 «መቶኛ» ሲከፈል በግማሽ መቍጠር ቀረ። ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መቶኛው ሳንቲም ተባለ። በዚያ ዘመን የወጣውና 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት 25 ሳንቲም በመጀመሪያ ክብ ነበር፤ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ተከርክሟል። ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አስቀምጠን ማየት ችለናል።

፭. ጠገራ ብር

ከሁሉም የበለጠ ሰፊ ታሪክ ያለው ጠገራ ብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ አገር፣ ዮአኪምስታል በሚባል ሸለቆ ከተገኘው የብር ማዕድን ትልልቅ ሳንቲም ይሠራ ጀመር። «ታል» ሸለቆ ማለት ነውና ገንዘቡ «ታለር» ተባለ። ከታለር ዶላር የሚለው ስም ወጣ፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1792 ባወጣችው ሕግ ለገንዘቧ መደበኛ መለኪያ አደረገችው። እንግዲህ ዶላርና ጠገራ ብር የአንድ ሸለቆ ልጆች ናቸው።

በኛ አገር የታወቀው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ታለር ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ዐረፈች። በቀይ ባሕር አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ግን ሌላ መልክ ያለበትን ገንዘብ አንቀበልም ስላሉ፣ ከሞተች በኋላም ያው መልክና ያው 1780 የሚለው ዓመት እየተቀረጸ ቀጠለ። በኛም ገበያ ሰው የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን እንቍዎች እየቈጠረ፣ ጐድሎ ያገኘውን አልቀበልም ይል ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ፣ ጥራቱ ከሺህ 833 እጅ ነው። ወርቅ ሲመዘንም የጠገራው ክብደት እንደ ወቄት ያገለግል ነበር። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር በተነሣበት በእ.ኤ.አ. 1935 ዓ.ም. የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ላይ አሳተመው። ቀጥሎም በሎንዶን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተቀረጸ። ቪየና ያለው የገንዘብ ማተሚያ ዛሬም ያትመዋል።

አሁን አስቸኳይ ወዳልነው ነገር እንምጣ። በብዙ ቤቶች ውስጥ ሴት አያቶቻችን ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ጠገራ አለ። በአካባቢያችን አንዳንድ ገዢዎች በየቤቱ እየዞሩ ጠገራውን «አሮጌ ብረት ነው፣ አይሠራበትም» እያሉ በርካሽ ሲጠይቁ ሰምተናል። ገንዘብነቱ ቀርቷል፤ ብርነቱ ግን አልቀረም። ሒሳቡ ቀላል ነው። 28 ግራሙ በ833 ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል 23 ግራም ከሲሶ ያህል ንጹሕ ብር አለበት። የዕለቱን የብር ዋጋ በግራም ጠይቆ በዚህ ማባዛት ነው። ከዚህ በታች የሚሰጥ ገዢ አያትን እያታለለ ነው። እያንዳንዳችን ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፈን ለቤታችን አረጋውያን ብናስረዳቸው ከብዙ ወሬ ይሻላል።

በተቃራኒው ደግሞ 1780 የሚለውን ቍጥር አይቶ «ይህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው» ብሎ በውድ የሚሸጥልን ቢመጣ እንጠንቀቅ። ዓመቱ የሚነግረን ንግሥቲቱ ያረፈችበትን እንጂ ሳንቲሙ የተሠራበትን አይደለም። ሐሰተኛም ይኖራል። ማግኔት ከሳበው፣ ወይም በሚዛን ላይ ብዙ ከቀለለ፣ ብር አይደለም።

፮. የአክሱም ሳንቲሞች

የአክሱም ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ ሌላ መንግሥት የለም። መጀመሪያ ያሳተመው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። የንጉሡን ራስ ሁለት የእህል ዛላዎች ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል። በአናቱ ላይ በመጀመሪያ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ነበር። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በቦታው መስቀል ገባ። በዓለም ላይ መስቀልን አስቀድመው በገንዘባቸው ላይ ካተሙት ነገሥታት አንዱ የኛው ኢዛና ነው።

የወርቁ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በግሪክኛ ነው፤ ለባሕር ማዶ ንግድ የሚሆን ነበርና። በየመን መሬት ከሮማ ሶሊዱስ ጋራ ተቀብሮ ተገኝቷል። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚውለው ብርና ነሐስ ደግሞ ከጊዜ በኋላ በግእዝ ይጻፍበት ጀመር። በአንዳንዱ ነሐስ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጕም ያለው የግሪክኛ ቃል ይነበባል። ድሀው ሰው በእጁ በሚይዘው ትንሽ ነሐስ ላይ እንዲህ ያለ ቃል መጻፉ ልብ ይነካል። ስድስት ኪሎ ባለው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳንቲሞቹን ማየት ይቻላል። ወጣቶቻችን በኅብረት ሄደው እንዲያዩ እንመክራለን።

እነዚህ ሳንቲሞች ዛሬም ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው በእርሻ ላይ ይገኛሉ። ብዙዎቹም ለመንገደኛ ተሸጠው ከአገር ይወጣሉ። ሳንቲሙ ከተገኘበት ቦታ ሳይመዘገብ ከተነሣ፣ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው መቃብር፣ ከየትኛው የአፈር ድርብ እንደ ወጣ የሚነግረን አይኖርም፤ ብረቱ ቢቀርም ታሪኩ ጠፍቷል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በዚህ ምክንያት ስብስባችን የአክሱም ሳንቲም በስጦታም ሆነ በግዢ እንዳይቀበል ወስነናል። ገዢ ከሌለ ቆፋሪም አይኖርምና።

፯. በወንጌል የምናነበው ገንዘብ

የቆዩ ስሞችን ማጥናት ንባባችንን ምን ያህል እንደሚያበራ ከዚህ እንረዳለን። ዲናር የሮማውያን የብር ሳንቲም ሲሆን፣ በወይን አትክልቱ ምሳሌ እንደ ተነገረው የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ድሪም የግሪኮች ሲሆን ከዲናር ጋራ ይቀራረባል። የዐረቦች ድርሃም ከዚሁ የተወለደ ስም ነው፤ ዲናርም በዮርዳኖስ፣ በኩዌትና በሌሎችም አገሮች አለ። መክሊት ግን ሳንቲም አይደለም፤ 6000 ድሪም የሚሆን ትልቅ የሚዛን ስም ነው።

አሁን እናስላ። ሠራተኛው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ አንድ መክሊት ለማግኘት 20 ዓመት ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንዱን መክሊት የቀበረው አገልጋይ የተሰጠው ጥቂት አልነበረም፤ የሃያ ዓመት ደመወዝ ነበር። «ለእኔ የተሰጠኝ ትንሽ ነው» ለሚል ሰው ይህ ትልቅ መልስ ነው።

በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያለው አገልጋይ ደግሞ ዕዳው እልፍ መክሊት፣ ማለት 60 ሚሊዮን ዲናር ነበር። ባልንጀራው ከእርሱ የተበደረው 100 ዲናር ነው። የተማረለት ዕዳ፣ ካልማረው ዕዳ 600 ሺህ ጊዜ ይበልጣል። ስሞቹን ሳናውቅ ስናነብ «ብዙ» እና «ጥቂት» ብለን እናልፈዋለን፤ ስናውቅ ግን የባሪያው ጭካኔ በቍጥር ይታያል።

መበለቲቱ የጣለቻቸው ሁለቱ ናሶች በግሪክኛ «ሌፕቶን» ይባላሉ። በሮማውያን አቈጣጠር ዲናር በ16 ከዚያም በ64 ይከፈል ነበር፤ ልክ እንደ ሕንዱ ሩፒ። የመበለቲቱ ሁለት ሌፕቶኖች የዲናር 64ኛ እጅ ናቸው። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ለስድሳ አራት ተከፍሎ አንዱ እጅ ማለት ነው። ያላት ሁሉ ይህ ነበር።

፰. ለመሰብሰብ ለሚፈልግ ሁሉ

ከሠራነው ሥራ ያገኘናቸውን ምክሮች እንዘርዝር።

1. ሳንቲምን በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሎሚ አትሹ። ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ጽሑፉና መልኩ ያለበት የላይኛው ገጽ ይላጣል። አረንጓዴው ሽፋን በአሮጌ ነሐስ ላይ መከላከያም ሊሆን ይችላል።

2. በጣት ገጹን አትንኩ፤ በጠርዙ ያዙ።

3. እያንዳንዱን በተለየ የወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። አንዳንድ ለስላሳ ፕላስቲክ እየቆየ ብረቱን የሚበላ ነገር ያወጣል።

4. በፖስታው ላይ አገሩን፣ ዓመቱን፣ የገንዘቡን ስም፣ ብረቱን፣ ክብደቱን፣ ከማን እንደ ተገኘና መቼ እንደ ተገኘ ጻፉ። ይህ ያልተጻፈበት ሳንቲም ስሙን እንደ ረሳ ሰው ነው።

5. ብርቅ ሳንቲም ፍለጋ አትሩጡ። በገበያ ካለው ጀምሩ፤ እርሱም ነገ ታሪክ ነው።

6. አረጋውያንን ጠይቁ። በአላድ ምን ይገዛ እንደ ነበር፣ በጠገራ ስንት ቁና ጤፍ ይሸመት እንደ ነበር ከአባት ከእናቱ የሰማ ሰው በየሰፈሩ አለ። እርሱ ሲያልፍ ይህን የሚነግረን መጽሐፍ አናገኝም።

በጉባኤያችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። «ሐዋርያው ስለ ገንዘብ ፍቅር ካስጠነቀቀ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ወጣት ገንዘብ መሰብሰቡ እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ተወያይተንበት የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ያጠራቀምነው ሳንቲም እንጀራ አይገዛም፤ የምንፈልገውም ታሪኩን ነው። ይሁን እንጂ ስብስብም እንደ ማንኛውም ነገር ልብን ሊይዝ ይችላል። «የእኔ ይበልጣል» ማለት ሲጀመር፣ አሮጊቷን እናት ጠገራቸውን እንዲለቁ መጎትጎት ሲመጣ ፍቅረ ንዋይ በሌላ በር ገብቷል። ስለዚህ ሁለት ደንብ አበጀን። አንደኛ፣ ማንኛውም አባል ሳንቲም በግል ስም አያስመዘግብም። ሁለተኛ፣ ጠገራ ከአረጋውያን አንገዛም። ካሳዩን አይተን፣ መዝነን፣ ጽፈን፣ ዋጋውንም አስረድተን ለባለቤቶቹ እንመልሳለን። እስካሁን ያየናቸው ጠገራዎች ሁሉ በባለቤቶቻቸው ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ በኛ ዘንድ ያለው መዝገባቸው ብቻ ነው። መዝገቡም ይበቃናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ካሉ አረጋውያን አንዱን ጠይቁ። አላድ፣ ተሙን፣ ግርሽና ቤሳ ከሚሉት ስሞች የትኞቹን ያስታውሳሉ? የሚሉትን በቃላቸው ጽፋችሁ በሚቀጥለው እሑድ አምጡ።

ለ. 240 ፔኒ ያለው ፓውንድና 100 ሳንቲም ያለው ብር ለ6 ሰው ቢካፈሉ ምን ይተርፋል? ከሁለቱ አቈጣጠር የትኛው ለገበያ ይሻላል? ለምን?

ሐ. የአንድ ቀን ሠራተኛ ዛሬ በአካባቢያችሁ ስንት ብር ይከፈለዋል? በዚሁ መሠረት አንድ መክሊትና እልፍ መክሊት በዛሬ ብር ስንት እንደሚሆኑ አስሉ።

መ. አንድ ገበሬ በእርሻው ላይ የአክሱም ሳንቲም ቢያገኝና ልጆቹን የሚያበላው ቢያጣ፣ «አትሽጥ» ከማለት ሌላ ምን ልናደርግለት እንችላለን?

በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ በሚገባ እንድትወያዩበት እንለምናለን፤ እኛም እንወያይበታለን።